ዓሣ ነባሪና ዋግ፦ ትልቁ ማነው?

በሰቆጣ፣ በድሃና፣ በጋዝጊብላ፣ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ የምትገኙ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለዛሬው ንግግር ጆሮአችሁን አውሱን። ይህ ጽሑፍ ታትሞ በእጃችሁ የገባላችሁ ደግሞ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጋችሁ ተከተሉ። አዲስ ቃል ሲመጣ ቀስ እንላለን።

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። በዓለም ላይ ሕይወት ካለው ፍጥረት ሁሉ ትልቁ ማነው?

አንዱ «ዝሆን ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ዓሣ ነባሪ ነው» ይላል። በጾመ ነነዌ የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ሲነበብ የሰማ ሰው ዓሣ ነባሪን በስሙ ያውቀዋል። አንዳንዱም ዓሣ አንበሪ ይለዋል። ባሕር ያላየ የደጋ ሰው እንኳ «ሰው የሚውጥ ትልቅ ዓሣ» ብሎ ለልጁ ይነግራል።

እስቲ ስለዚህ እንስሳ ትንሽ እናውራ።

ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። ዓሣ ከውሃ ሳይወጣ ይተነፍሳል። ዓሣ ነባሪ ግን እንደ ላምና እንደ ሰው ሳንባ አለው። ለመተንፈስ የግድ ወደ ላይ ብቅ ማለት አለበት። እንቁላል አይጥልም፤ አርግዞ ይወልዳል፣ የወለደውንም ጡት ያጠባል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ የሚባለው ነው። ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ እስከ 150 ቶን ይሆናል። አንድ ቶን ማለት 10 ኩንታል ነው። እንግዲህ 150 ቶን 1,500 ኩንታል መሆኑ ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጫን ብንል፣ ያንን አንድ እንስሳ ለመጫን 3,000 አህያ ያስፈልገናል ማለት ነው።

ግልገሉ ሲወለድ 7 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የእናቱን ወተት እየጠባ በአንድ ቀን ብቻ ወደ 90 ኪሎ ይጨምራል። ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ ቀረው ማለት ነው! በ2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ በሐይቁ ላይ መረብ የምትጥሉ የአበርገሌና የዝቋላ ሰዎች፣ ይህን ስትሰሙ ሳትስቁ አትቀሩም።

ታዲያ ይህ ሁሉ አካል በምን ይጠግባል? ትልቅ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ምግቡ እንደ ጣት የምታህል ትንሽ የባሕር ነፍሳት ናት። ውሃውን ከነነፍሳቱ ጎርሶ ውሃውን መልሶ ይተፋል፤ ምግቡ በአፉ ውስጥ እንደ ወንፊት በሆነ ነገር ተይዞ ይቀራል። በምግብ ወቅት በቀን እስከ 40 ኩንታል ሊበላ ይችላል። ጉሮሮው ግን ጠባብ ነው፤ ሰው አያሳልፍም። የዮናስን ነገር ለመጽሐፉ ሊቃውንት እንተወውና እኛ ወደ ጉዳያችን እንለፍ።

ከእንስሳ ወገን ከዚህ የሚበልጥ የለም። በጥንት ዘመን ከነበሩትና ከጠፉት እንስሳት እንኳ በክብደት ከሱ መብለጡ የተረጋገጠ አልተገኘም። ጥያቄያችን ግን «ትልቁ እንስሳ ማነው?» አልነበረም። «ሕይወት ካለው ሁሉ ትልቁ ማነው?» ነበር። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ተወዳዳሪ ይመጣል። ስሙ ፈንገስ ነው።

ፈን-ገ-ስ። ቃሉ ከውጭ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ነገሩ ግን በቤታችሁ አለ። የከረመ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ፈንገስ ነው። ሊጡን የሚያነሣው፣ ጠላውን የሚያፈላው እርሾም ከዚሁ ወገን ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ እናንተ የጅብ ጥላ የምትሉትም ፈንገስ ነው። ፈንገስ እንስሳ አይደለም፤ አይሄድም። ተክልም አይደለም፤ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ሌላው ያዘጋጀውን ይበላል። አንዱ የሞተውን፣ አንዱ ደግሞ በሕይወት ያለውን ይበላል።

እንጉዳይ ስታዩ የምታዩት ፍሬውን ብቻ ነው። ዋናው አካል ከመሬት በታች ነው። ከጠጉር የቀጠነ ክር ሆኖ በአፈሩና በእንጨቱ ውስጥ ይሄዳል።

በአሜሪካ አገር ኦሪገን በሚባል ግዛት፣ ማልሁር የሚባል ደን አለ። በዚያ ደን ዛፎች ይደርቁ ነበር። የሚያደርቃቸው አርሚላሪያ የሚባል ፈንገስ ነው። አር-ሚ-ላ-ሪ-ያ። እንደ ጥቁር የጫማ ክር ሆኖ በመሬት ውስጥ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳል፤ ከዛፉ ቅርፊት ሥር ገብቶ ምግቡን ይወስድበታል። ሊቃውንት ከየደረቀው ዛፍ ትንሽ ትንሽ ናሙና ወሰዱ። ሁለት ሁለቱን በአንድ ሳህን አሳደጓቸው። ባዕድ ለባዕድ የሆኑት ሲገናኙ በመካከላቸው ድንበር ያበጃሉ። የአንድ አካል ቁራጭ የሆኑት ግን ድንበር ሳያበጁ ይቀላቀላሉ። እጅግ ተራርቀው ከቆሙ ዛፎች የመጣው ናሙና ተቀላቀለ! በ1998 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታወቀ። «እ.ኤ.አ.» ማለት «እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር» ማለት ነው፤ እንዲህ ተጽፎ ስታገኙ አትደናገሩ። ስፋቱ ሲለካ 965 ሄክታር ሆነ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ብንለው 3,860 ጥማድ መሬት ነው። ዕድሜውም ከ2 ሺህ ዓመት እንደሚያልፍ ይገመታል።

ሙሉውን አካል ቆፍሮ ያየ ሰው የለም። ከላይ የሚሄድ መንገደኛ ዛፍ እንጂ ፈንገስ አያይም። በስፋት ከሄድን እንግዲህ ዓሣ ነባሪው ተሸነፈ ማለት ነው። የዚህ ፈንገስ ዘመድ በአገራችንም በተተከሉ ደኖች ውስጥ ዛፍ ሲያደርቅ ተገኝቷል።

«ታዲያ ይህ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ገብስና ስንዴ አራሽ ነኝ» የሚሉ አባት አይጠፉም። ልክ ነው። እንግዲህ ከሩቁ ደን ወደ ራሳችን ማሳ እንምጣ።

አገራችሁ ዋግ ይባላል። ስንዴውን የሚመታው በሽታም ዋግ ይባላል። የስም መገጣጠም ነው፤ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ግን ጥሩ መቀለጃ ነው። በሽታው ግን የሚያስቅ አይደለም። «ዋግ መታው» ሲባል ቤተሰቡ የዓመት እንጀራውን አጣ ማለት ነው።

ስለ ዋግ ብዙ ይባላል። አንዱ ጉም አመጣው ይላል። ሌላው ዓይን ነው፣ እርግማን ነው ይላል። እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ ያልነው። የጥንት ሮማውያን ዋግ የራሱ አምላክ ያለው መስሏቸው፣ በያመቱ በሚያዝያ ወር ቀይ ውሻ ይሠዉለት ነበር። ቀይ የሆነው የዋጉ ቀለም ቀይ ስለሆነ ነው። ምስኪን ውሻ!

ዋግ ፈንገስ ነው። የአርሚላሪያና የእንጉዳይ የሩቅ ዘመድ ነው። ጉም አመጣው የሚሉት ሰዎች ግን ፈጽሞ አልተሳሳቱም። የዋግ ዘር በቅጠል ላይ ሲያርፍ ለመብቀል ለሰዓታት ርጥበት ይፈልጋል። ጉምና ጤዛ ይህን ይሰጡታል። ጉሙ በሽታውን አይፈጥረውም፤ ያስተናግደዋል እንጂ።

የዋግ ዘር ስፖር ይባላል። ስ-ፖ-ር። ከስፖርት ጋር አታምታቱት። አንዱ ስፖር በዓይን አይታይም። 30 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። በቅጠል ላይ በቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለስንዴው ፍሬ የተዘጋጀውን ምግብ ይጠጣል። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቅጠሉን ወይም አገዳውን ቀዶ እንደ ቁስል ይፈነዳል። ከአንዲት ቁስል በሺህ የሚቆጠር ስፖር ይወጣል። ነፋስ ያነሣዋል። ተራራ አይከለክለው፣ ወንዝ አይከለክለው፤ ከወረዳ ወረዳ፣ ከአገር አገር ይሻገራል።

ሒሳብ የጀመራችሁ እስቲ አስሉልኝ። ከአንዲት ቁስል ከወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ስፖሮች መካከል 10 ብቻ ቀንቷቸው ስንዴ ላይ ይብቀሉ እንበል። በሁለት ሳምንት 10 ቁስል ሆነ። በአራት ሳምንት 100። በስድስት ሳምንት 1,000። በስምንት ሳምንት 10,000። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው ገበሬው «ትናንት አረንጓዴ ነበር፣ ዛሬ ቀላ» የሚለው። ትናንትም ነበረ፤ አልታየም እንጂ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናቁማቸው። ዓሣ ነባሪ ትልቅ ነው፤ ትልቅነቱ ግን ጠላት አፍርቶለታል። ሲተነፍስ ጉሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሩቅ ይታያል። በ20ኛው ምዕት ዓመት አዳኞች በመርከብ ተከታትለው፣ ስቡን ለዘይት ፈልገው፣ በደቡቡ የዓለም ክፍል ባሕሮች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ገደሉ። ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው በ1966 እ.ኤ.አ. መግደሉ ተከለከለ። እስከ ዛሬ ቁጥሩ እንደ ድሮው አልተመለሰም። አንድ አካል፣ አንድ ልብ አለው፤ ልቡ ከተወጋ አለቀ። ዋግ ግን ልብ የለውም፤ የሚወጋ ቦታ የለውም። ከዚህ ማሳ ብታጠፉት በዚያኛው አለ። ሰው ያንን የ1,500 ኩንታል እንስሳ ሊያጠፋ ምንም አልቀረው፤ ይህችን በዓይን የማትታይ ነገር ግን ከሮማውያን ዘመን እስከ ዛሬ አላጠፋትም።

ደግሞም መልኩን ይለውጣል። ይህን በአገራችን ያየነው ነው።

በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ተነሣ። ብዙ መቶ ሺህ ሄክታር ተመታ። ገበሬው በሰፊው ይዘራቸው የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የሚባሉት ዝርያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ዲገሉ የሚባል ዝርያ ተወደደ። ዲገሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋም ነበር። ከዑጋንዳ ተነሥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. አገራችን የደረሰውን፣ ዓለምን ያስደነገጠውን የግንድ ዋግ ዝርያም ይቋቋም ነበር። ገበሬው ደስ አለው። በአርሲና በባሌ ማሳው ሁሉ ዲገሉ በዲገሉ ሆነ።

በ2006 ዓ.ም. መኸር ሌላ የግንድ ዋግ መጣ። ከዑጋንዳ የመጣው አልነበረም። ዲገሉን የሚከፍት ቁልፍ የያዘ ሌላ ነበር። በጣም በተጎዳው ማሳ ምርቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠፋ።

እንዴት ሆነ? ዝርያው የተቆለፈ በር ነው በሉ። ስፖሩ ቁልፍ ነው። ያ ሁሉ ስፖር በየጊዜው ሲራባ፣ ጥቂቶቹ ከወላጆቻቸው ትንሽ ይለያሉ። አንዲቱ በሩን ከከፈተች በቃ። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት በር ከሆነማ፣ አንዲት ቁልፍ ሁሉንም ትከፍታለች። ስለዚህ «ጎረቤቴ የዘራውን ልዝራ» ማለት ብቻውን ጥበብ አይደለም። ባለሙያዎች በየጊዜው አዲስ ዝርያ የሚያወጡት ሥራ ፈትተው አይደለም። በአምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የዋግን ዓይነት ይመረምራል። በእናንተም አገር የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ።

እዚህ ላይ ልትኮሩበት የሚገባ ነገር አለ። በ1937 እና በ1938 እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የገበሬ ገብስ ሰብስበው ወሰዱ። በኋላ ሲመረመር፣ ከዚያ ገብስ ውስጥ በቅጠል ላይ እንደ ነጭ ዱቄት የሚነሰነስን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋም ተገኘ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያ ገብስ ደም ያለበት ዝርያ በኤውሮፓ ማሳ ይዘራል። የሚገርመው፣ ፈንገሱ ይህንን በር ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሊከፍተው አልቻለም። ያን ገብስ መርጠው ያቆዩት ማንበብ የማይችሉ የደጋ ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ስትቀበሉ የአያቶቻችሁን ገብስ ፈጽማችሁ አትጣሉት፤ ጥቂት ለዘር አስቀሩ።

አሁን ወደ ሥራው። ዋግን እንዴት ታውቁታላችሁ?

ቢጫ ዋግ ብርድ ይወዳል፤ እንደ ድሃናና ጋዝጊብላ ያለ ደጋ ይስማማዋል። በቅጠሉ ላይ እንደ ተሰመረ ደብተር በመስመር ይወርዳል፤ ቀለሙ ቢጫ ነው። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይወዳል። በአገዳውና በቅጠሉ ላይ ረዘም ያለ፣ ጡብ የመሰለ ቀይ ቁስል ያወጣል፤ ጠርዙ የተቀደደ ነው። ሰብሉ ሲደርስ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የቅጠል ዋግ የሚባለው ደግሞ በቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የተበተነ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ነው። ከተጠራጠራችሁ በነጭ ጨርቅ አሹት። ዱቄቱ ጨርቁን ካቀለመው ዋግ ነው። ዝገት ብረትን እንደሚያቀልም ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ማሳው መካከል ገብታችሁ እዩ። ከዳር ቆሞ ማየት አይበቃም። ከሥር ያሉትን ቅጠሎች ገልጣችሁ እዩ። ያገኛችሁ ዕለት ለልማት ሠራተኛው ንገሩ፤ «የገበያ ዕለት እነግረዋለሁ» አትበሉ። ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ አስቡ። መድኃኒት የሚረጨው ቁስሉ ጥቂት ሳለ ነው። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ መርጨት ገንዘብን በነፋስ መበተን ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ማንበብ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ለስንት ውሃ ስንት እንደሚገባ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይታጨድ እንደሚቆይ። ባለሱቁ ቢነግራችሁም ራሳችሁ አንብቡት። ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ ልጃችሁ ታንብብላችሁ። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ የልማት ሠራተኛው ሳያስረዳችሁ አትክፈቱት። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕል ካለበት መርዝ ነው። ባዶውን ዕቃ ውሃ መቅጃ አታድርጉት።

ሌላም ነገር አለ። ዋግ በደረቀ ገለባ ላይ መኖር አይችልም፤ ሕያው ተክል ይፈልጋል። ታዲያ በበጋ የት ይከርማል? ከማሳው ዳር በበቀለው ወፍ ዘራሽ ስንዴ ላይ ሊከርም ይችላል። በመስኖ በለማ የበጋ ስንዴም ላይ ይከርማል። የበጋ ስንዴ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ተስፋፍቷል። እኔ የበጋ ስንዴውን አልነቅፍም፤ የሚበላ እህል ነው። ነገር ግን ከመኸር ወደ መኸር ለዋግ ድልድይ ስለሚሆን፣ የበጋውም ማሳ እንደ መኸሩ ይታይ። ወፍ ዘራሹን ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ንቀሉት።

ማሽላ የምትዘሩ የቆላ ሰዎች «እኛን ረሳኸን» እንዳትሉ። የእናንተ ጠላት አረማሞ ነው። እሱም ፈንገስ ነው። በፍሬው ቦታ ጥቁር ዱቄት ይሞላል። ከዋግ የሚለየው በአመጣጡ ነው። ዋግ በነፋስ ይመጣል። የማሽላው ሽፍን አረማሞ ግን በራሳችሁ ዘር ላይ ተጣብቆ፣ በራሳችሁ እጅ ይዘራል። ስለዚህ እሱን ማሸነፍ ይቀላል። ለዘር የሚሆነውን ከጤናማ ራስ ብቻ ምረጡ። የታመመውን ራስ ዱቄቱ ሳይበተን ቆርጣችሁ አቃጥሉት። ዘሩን ለቀናት በተቀመጠ የከብት ሽንት ማሸት በአገራችን ገበሬዎች የታወቀ ዘዴ ነው፤ በምርምርም ሲሞከር አረማሞን የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ከተሰጣችሁ ግን ተጠንቀቁ። ቀለም የገባበት ነው። ቢተርፍም አይታጠብም፣ አይፈጭም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

አንዲት እናት «ይህን ሁሉ እንዴት አስታውሳለሁ?» ቢሉኝ፣ መልሴ «እማማ፣ ይጻፉት» ነው። በደብተራችሁ አንድ ገጽ ለማሳው ስጡ። የዝርያውን ስም፣ ዘሩ የመጣበትን ቦታ፣ የተዘራበትን ቀን ጻፉ። ዋግ ያያችሁበትን ቀንና ቀለሙን ጻፉ፤ ቢጫ፣ ቀይ ወይም ቡናማ። የልማት ሠራተኛው ሲመጣ ገጹን አሳዩት። «መስከረም 12፤ ከታችኛው ማሳ፤ ቢጫ፤ በመስመር» የሚል አንድ መስመር ለሱ ብዙ ነገር ይነግረዋል።